ኢብኑ ኸልዱን በአያቶቹ ከተማ

የአንደሉስ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሁለት ነገር ነው፤ ለዘመናት የቆየ ታላቅነትና በመጨረሻ የመጣ ለቅሶ። በማስተማር ሥራ ላይ በቆየንባቸው ዓመታት ስለ ቁርጡባና ስለ ገርናጣ ስንናገር ከተማሪዎቻችን የሚነሳው ጥያቄም ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ያ ሁሉ ለምን ጠፋ?

ይህንን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራው አድርጎ የያዘ አንድ ዓሊም አለ። ቤተሰቡ ከአንደሉስ የተሰደደ ነበር። ከስደቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በአያቶቹ ከተማ በእንግድነት ቆመ። ከተማይቱን የያዘው ንጉሥም የአባቶችህን ርስት ልመልስልህ አለው። እሱ ግን አልተቀበለም። ይህ ሰው ኢብኑ ኸልዱን (ረሂመሁላህ) ነው። ዛሬ የምናወሳው የእርሱን ሕይወት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ የሂጅራ በሆነበት ቦታ እንገልጻለን።

ከሐድረመውት እስከ ኢሽቢሊያ

ሙሉ ስሙ አቡ ዘይድ ዐብዱረህማን ኢብኑ ሙሐመድ ኢብኑ ኸልዱን አል-ሐድረሚ ነው። አል-ሐድረሚ የሚለው መጠሪያ የቤተሰቡን ምንጭ ይናገራል፤ የመኗን ሐድረመውት። ቤተሰቡ የዘር ሐረጉን ከሰሃባው ዋኢል ኢብኑ ሑጅር (ረዲየሏሁ ዐንሁ) ይቆጥር ነበር። ኸልዱን የተባለው አያታቸው ወደ አንደሉስ ተሻግሮ መጀመሪያ በቀርሙና ሰፈረ። ዘሮቹ ከዚያ ወደ ኢሽቢሊያ ገቡ። ኢሽቢሊያ ዛሬ በስፔን ካርታ ላይ ሴቪያ ተብላ የምትታወቀው ከተማ ናት።

እዚህ ላይ የኢብኑ ኸልዱንን ጠባይ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። የራሱን የሕይወት ታሪክ ሲጽፍ እስከ ኸልዱን ድረስ አሥር አያቶችን ይቆጥራል፤ ወዲያው ግን ቁጥሩን ራሱ ይጠራጠረዋል። በመቶ ዓመት ውስጥ በአማካይ ሦስት ትውልድ ያልፋል፤ በመካከል ያለው ዘመን ደግሞ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ አያቶቹ ወደ ሃያ ሊጠጉ ይገባል፤ ከመካከል የተረሱ ስሞች አሉ ማለት ነው። በዘር ሐረግ መኩራት ክብር በሆነበት ዘመን አንድ የመኳንንት ልጅ የራሱን ሐረግ በሒሳብ ሲፈትን ማየት ብርቅ ነው።

በኢሽቢሊያ በኑ ኸልዱን ከታላላቆቹ ቤቶች አንዱ ሆኑ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኩረይብ ኢብኑ ኸልዱን የተባለው የቤተሰቡ አባል በኡመያዎቹ አሚር ላይ ተነስቶ ከተማይቱን ለተወሰኑ ዓመታት ይዞ ነበር፤ በ899 ተገደለ። ከዚያም በኋላ ቤተሰቡ በዕውቀትና በሹመት ስሙን ጠብቆ ኖረ።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን የአንደሉስ ከተሞች ተራ በተራ ወደቁ። ቁርጡባ በ1236 ተያዘች። በኑ ኸልዱን የሚመጣውን አይተው ከከተማቸው መውደቅ በፊት ባሕሩን ተሻግረው ወደ ሰብታ ሄዱ፤ ከዚያም ወደ ቱኒስ። የካስቲሉ ንጉሥ ፈርዲናንድ ሦስተኛው ኢሽቢሊያን ከአንድ ዓመት በላይ ከብቦ በኖቬምበር 1248 ያዛት። በከተማይቱ የቀሩት ሙስሊሞች የሚሸከሙትን ይዘው እንዲወጡ ተደረገ። ታላቁ መስጂድም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ስደተኞቹ ይዘውት የወጡት

ኢብኑ ኸልዱን በቱኒስ የተወለደው በረመዷን 1 ቀን 732 ሂጅሪ ነው፤ ሜይ 27 ቀን 1332 መሆኑ ነው። ኢሽቢሊያ ከወደቀች 84 ዓመት ሆኗት ነበር። ቅድመ አያቱ በቱኒስ ቤተ መንግሥት የገንዘብ ሹም ሆኖ በፖለቲካው ሽኩቻ ተገድሏል። አባቱ ከዚህ ተምሮ ሹመትንና ሰይፍን ትቶ ወደ ዒልም ዞረ። የመጀመሪያው የልጁ መምህርም እሱ ነበር።

ቁርኣንን ያስቀራው ሸይኽ ሙሐመድ ኢብኑ ሰዕድ ኢብኑ ቡራል ይባላል። እሱም መነሻው ከአንደሉስ ነው፤ በበለንሲያ አካባቢ ከነበሩና ከተሰደዱ ሰዎች ወገን። ኢብኑ ኸልዱን በእርሱ ዘንድ ሰባቱን ቂራኣት በሃያ አንድ ኸትም አጠናቋል። ዐረብኛ፣ ሐዲስና የማሊኪ ፊቅህም ከሌሎች መሻኢኾች ቀርቷል። የስደተኛ የልጅ ልጅ፣ ከስደተኛ መምህር ፊት ተቀምጦ ማለት ነው።

ይህ ተራ አጋጣሚ አልነበረም። ኢብኑ ኸልዱን በኋላ በጻፈው መጽሐፍ የየአገሩን የልጆች ትምህርት ሲያነጻጽር ይህንኑ ያስተውላል። የመግሪብ ሰዎች ልጁ ቁርኣንን እስኪጨርስ ሌላ ነገር አይቀላቅሉበትም። የአንደሉስ ሰዎች ቁርኣንን መሠረት አድርገው ንባብና ጽሕፈት፣ ግጥምና የዐረብኛ ሰዋስው አብረው ያስተምሩ ነበር። የቱኒስና የአካባቢዋ ዘዴ ለአንደሉሱ የቀረበ ነው። ምክንያቱንም ይሰጣል፤ አንደሉስ በጠላት እጅ ስትገባ ባሕሩን የተሻገሩት መሻኢኾች ቱኒስ ሰፍረው የአገሩን ልጆች ያስተማሩት እነርሱ ስለሆኑ ነው። ቤትና የወይራ ማሳ ሲቀር ቂርኣቱ ተሻገረ።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ቱኒስ ገባ። በ1348 እና 1349 እናቱን፣ አባቱንና አብዛኞቹን መምህራኑን ወሰደበት። ከወረርሽኙ የተረፉት ዑለማም በርካቶቹ ወደ ፋስ ተመለሱ። ወጣቱም በሃያ ዓመቱ ገደማ በቱኒስ ቤተ መንግሥት በሱልጣኑ ደብዳቤዎች ራስ ላይ የአላህን ምስጋና የሚጽፍ ጸሐፊ ሆነ፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ዒልም ፍለጋ ወደ ፋስ አቀና። በፋስ ከሱልጣን አቡ ዒናን ሹመት አገኘ። ቀጥሎም በሴራ ተጠርጥሮ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ታሰረ። የተፈታው ሱልጣኑ በ1358 ሲሞት ነው።

ወደ ገርናጣ

በዚያን ጊዜ በአንደሉስ በሙስሊሞች እጅ የቀረው የገርናጣ ግዛት ብቻ ነበር። የገርናጣው ሱልጣን ሙሐመድ አምስተኛው በ1359 ከዙፋኑ ተገልብጦ ወደ ፋስ ተሰደደ። ወዚሩ ሊሳኑዲን ኢብኑል ኸጢብም አብሮት ነበር። ኢብኑል ኸጢብ ሐኪም፣ ገጣሚ፣ የታሪክ ጸሐፊና የመንግሥት ሰው ነው። ኢብኑ ኸልዱን በስደታቸው ወራት ወዳጃቸው ሆነ፤ ጉዳያቸውንም አገዘ።

ሱልጣኑ በ1362 ዙፋኑን ሲመልስ ኢብኑ ኸልዱን በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አንደሉስ ተሻገረ። ገርናጣ ላይ ትልቅ አቀባበል ተደረገለት፤ ቤት ተዘጋጀለት፤ ከሱልጣኑ ጋር የሚቀመጥ፣ አብሮት የሚጋልብ ሰው ሆነ። ሙሐመድ አምስተኛው ዛሬ ዓለም ሁሉ ሊያየው የሚጎርፍለትን የአል-ሐምራእ ቤተ መንግሥት እያስፋፋ የነበረው በዚሁ የንግሥና ዘመኑ ነው።

ነገር ግን የኢብኑ ኸልዱን ዓይን በጌጡ ላይ አልቀረም። በኋላ በጻፈው መጽሐፍ የተሸነፈ ሕዝብ አሸናፊውን በአለባበሱ፣ በአኗኗሩና በልማዱ ሁሉ እንደሚቀዳ ሲያስረዳ ምሳሌ አድርጎ የሚያመጣው የዘመኑን አንደሉሶች ነው። የክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን ልብስ መልበስ፣ በቤታቸው ግድግዳ ላይ እስከ ሥዕል መሳል ደርሰው ነበር። አስተዋይ ሰው ከዚህ ማን የበላይ እንደሆነ ይረዳል ይላል። ከተማይቱ ከመውደቋ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የታየ ምልክት ነው፤ ገርናጣ የወደቀችው በ1492 ነውና።

በኢሽቢሊያ ጎዳና

በ765 ሂጅሪ፣ ማለትም በ1363 እና 1364 መካከል፣ ሱልጣን ሙሐመድ ከካስቲል ጋር ያለውን የሰላም ውል የሚያጸና መልእክተኛ አስፈለገው። የመረጠው ኢብኑ ኸልዱንን ነው። የካስቲሉ ንጉሥ ፔድሮ በዚያን ጊዜ የሚኖረው በኢሽቢሊያ ነበር። የሐር ልብሶችና ልጓማቸው በወርቅ ያጌጠ ፈረሶች ተጭነው ጉዞው ተጀመረ።

መንገዱ የሽርሽር አልነበረም። ፔድሮ በታሪክ ጨካኙ የሚል ስም የተሰጠው ንጉሥ ነው። የሙሐመድ አምስተኛውን ዙፋን ነጥቆ የነበረው ሰው በ1362 ከለላ ፍለጋ ኢሽቢሊያ ድረስ ቢመጣ ፔድሮ አስገድሎታል። ኢብኑ ኸልዱን የገባው ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

ስለ ቆይታው በሕይወት ታሪኩ የጻፈው አጭር ነው። በኢሽቢሊያ የአያቶቹን አሻራ በዓይኑ አየ። ንጉሡም በክብር ተቀበለው፤ የቤተሰቡን የጥንት ስም እንደሚያውቅም ገለጸለት። በንጉሡ ዘንድ ኢብራሂም ኢብኑ ዘርዘር የተባለ አይሁዳዊ ሐኪም ነበር። ኢብኑ ኸልዱንን ፋስ ላይ በአቡ ዒናን ቤተ መንግሥት ያውቀው ስለነበር ስለ ዕውቀቱና ስለ ቤተሰቡ ለንጉሡ መሰከረለት።

ከተማይቱ በዚያን ጊዜ ምን እንደነበራት ዛሬም የሚሄድ ተጓዥ በከፊል ያየዋል። ቀድሞ የከተማይቱ ታላቅ መስጂድ የነበረው፣ በ829 የተሠራው የኢብኑ ዐደባስ መስጂድ በቤተ ክርስቲያንነት እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቆሞ ነበር፤ የሚናራው ታችኛ ክፍል አሁንም አለ። አዲሱን ታላቅ መስጂድ የሠሩት ሙወሒዶች ናቸው። በ1198 የተጠናቀቀው ሚናራው ዛሬ ሂራልዳ እየተባለ የከተማይቱ ምልክት ሆኗል። አናቱ ላይ በኋላ ደወል ተጨምሮበታል፤ አካሉ ግን የመራክሹ ኩቱቢያ ወንድም መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ውስጡ ወደ ላይ የሚወጣው በደረጃ ሳይሆን በሰላሳ አምስት ተዳፋት መንገዶች ነው፤ በእንስሳ ጀርባ መውጣት እንዲቻል ተብሎ። ሰጋጆች ዉዱእ ያደርጉበት የነበረው ግቢ የብርቱካን ዛፎች ተተክለውበት እስከ ዛሬ አለ። ኢብኑ ኸልዱን በመጣ ጊዜ የመስጂዱ ሕንጻ ራሱ አልፈረሰም ነበር፤ ያላዛን፣ ከነ ቅርጹ ቆሟል።

ወንዙ ደግሞ ስሙን ከነ ዐረብኛው ይዞ ቀርቷል፤ አል-ዋዲ አል-ከቢር፣ ታላቁ ሸለቆ፣ በስፓኒሾቹ አፍ ጓዳልኪቪር ሆነ። በወንዙ ዳር በ1220 ገደማ የተሠራው የወርቅ ግንብ አሁንም አለ። የከተማይቱ ሰው ገበያ ወጥቶ ዘይቱን አሴይቴ፣ ሩዙን አሮስ፣ ስኳሩን አሱካር ብሎ ይገዛል። ከእኛው ዘይት፣ ሩዝና ስኳር ጋር ዘመድ መሆናቸውን ጆሮ ይለየዋል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ፔድሮ በዚያው በ1364 የራሱን አዲስ ቤተ መንግሥት እያሠራ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ቅስቱ፣ ጌጡና የግድግዳ ጽሑፉ የሙስሊሞች ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም የሚለው የገርናጣ ሱልጣኖች መፈክር በዐረብኛ ተጽፎበታል። ገርናጣ ላይ ተሸናፊው የአሸናፊውን ልብስ ሲለብስ፣ ኢሽቢሊያ ላይ አሸናፊው የተሸናፊውን ጥበብ ለራሱ ያሠራ ነበር። ኃይል ያልፋል፤ በእጅና በልብ ውስጥ የገባ ሙያ ግን ባለቤቱ ከተሸነፈ በኋላም ይኖራል። ኢብኑ ኸልዱንም በመጽሐፉ የአንደሉስ የእጅ ሙያዎች መንግሥቱ ከተዳከመ በኋላ ያልጠፉት ሥር ስለሰደዱ ነው ይላል።

ርስቱ

ከዚህ በኋላ ነው ንጉሡ ጥያቄውን ያቀረበው። እዚሁ እኔ ዘንድ ብትቀር የአባቶችህን ርስት እመልስልሃለሁ፤ አሁን የያዙት የመንግሥቴ ሹማምንት ናቸው የሚል ሐሳብ ነበር። ኢብኑ ኸልዱን በጨዋ መልስ አልተቀበለም። ንጉሡም አክብሮ ስንቅና ማመላለሻ ሰጠው፤ ኮርቻና ልጓሟ በወርቅ የከበደ ያማረች በቅሎም ሸለመው። እሱ ግን በቅሎዋን ገርናጣ ሲመለስ ለሱልጣኑ አበረከተ።

እኛ የምንኖርበት ኮዬ ፈጬ ርስት የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ የሚታወቅበት ሰፈር ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ብዙው ተወልዶ ያደገበትን መንደር መሃል ከተማ ትቶ የመጣ ነው። አንዳንዱ ያደገበት ግቢ ፈርሷል፤ በዚያ በኩል ሲያልፍ ቤታቸው የት ላይ እንደነበረ ለልጆቹ በጣቱ ማሳየት ይቸግረዋል። ከብሎኮቹ አለፍ ብሎ ደግሞ ይህ መሬት የአያቶቹ እርሻ የነበረ ገበሬ አለ። ስለዚህ የአባቶችህን መሬት እንካ ሲባል እምቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሰፈራችን ሰው ማስረዳት አያሻም።

ታዲያ ለምን እምቢ አለ? ርስቱ ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከርስቱ ጋር የሚመጣው ውል ከባድ ስለሆነ ይመስለናል። መሬቱን የሚቀበለው የፔድሮ ሰው ሆኖ ነው። አያቶቹ በመሬቱ ላይ ይኖሩ የነበረው አዛን በሚሰማበት፣ ልጆቻቸው በሚቀሩበት፣ ቃዲያቸው በሚፈርድበት ከተማ ነው። ያ ሁሉ ከሄደ በኋላ የቀረው አፈር ብቻውን የአባቶች አገር አይሆንም። የንጉሡ ቃል ምን ያህል ዕድሜ እንደነበረውም ታሪክ ያሳያል፤ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1369 ፔድሮ በገዛ ወንድሙ እጅ ተገደለ። በእርሱ ቃል ላይ የቆመ ርስት ሁሉ ምን ይሆን ነበር?

ይህን ስንል ግን መሬቱን ያጣ ሰው ዝም ይበል ማለታችን አይደለም። ሐቅ ሐቅ ነው። ኢብኑ ኸልዱንም መሬት አልጠላም፤ የገርናጣው ሱልጣን ኢልቢራ የምትባል መንደር ሲሰጠው ተቀብሎ ቤተሰቡን ከቁሰንጢና አስመጥቷል። የለየው መሬቱን ሳይሆን ከመሬቱ ጋር የሚከፈለውን ዋጋ ነው።

ከቤተ መንግሥት ወደ ምሽግ

የገርናጣው ደስታ ረጅም አልሆነም። ለሱልጣኑ ያለው ቅርበት በእርሱና በኢብኑል ኸጢብ መካከል ቅሬታ አመጣ። ኢብኑ ኸልዱን ነገሩን ለሱልጣኑ ሳይናገር፣ ወዳጅነቱንም ሳያፈርስ በ1365 ፈቃድ ጠይቆ ወደ ቢጃያ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት አድካሚ ናቸው። በቢጃያ፣ በቢስክራ፣ በቲሊምሳንና በፋስ ከአንዱ ገዥ ወደ ሌላው ተሸጋገረ፤ ሲያሸንፉ አብሯቸው ቆመ፣ ሲወድቁ ተለያቸው። ታማኝነቱን የሚተቹ ጸሐፊዎች አሉ፤ ትችቱም መሠረት አለው። መላእክት አልነበረም።

በ1374 ወዳጁ ኢብኑል ኸጢብ በዝንድቅና ተከሶ ፋስ ላይ በእስር ቤት ታንቆ ተገደለ። ኢብኑ ኸልዱን ሊያስምርለት ሞክሮ አልተሳካለትም። ወደ አንደሉስ እንደገና ቢሻገርም እንዲኖር አልተፈቀደለትም። በዓመቱ ፖለቲካ በቃኝ ብሎ ቤተሰቡን ይዞ ቀልዐት ኢብኑ ሰላማ በተባለች ምሽግ ተቀመጠ፤ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ናት። ወደ አራት ዓመት በሚጠጋው ቆይታው ታላቁን የታሪክ መጽሐፍ መጻፍ ጀመረ። መግቢያውን፣ ሙቀዲማ ተብሎ የሚታወቀውን፣ በ1377 በአምስት ወር ውስጥ ረቂቁን ጨረሰ።

ያ ሁሉ ለምን ጠፋ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው እዚህ ነው። መንግሥት የሚቆመው ዐሰቢያ ብሎ በሚጠራው የሰዎች ትስስር ነው ይላል። ይህ በሐዲስ የተወገዘው ጭፍን የጎሳ ወገንተኝነት አይደለም፤ እሱ ራሱ ሁለቱን ይለያቸዋል። ሰዎች አንዱ ለአንዱ እስከ ሞት የሚቆሙበት ቁርኝት ነው። የመጀመሪያው ትውልድ በችግር ውስጥ ተሳስሮ ይገነባል፤ ሁለተኛው በምቾት ይኖራል፤ ሦስተኛው ትስስሩን ይረሳዋል። አንዱ ትውልድ አርባ ዓመት ቢሆን የአንድ ሥርወ መንግሥት ዕድሜ ባመዛኙ ከመቶ ሃያ ዓመት አያልፍም። መንግሥት ሲጀምር ግብሩ ትንሽ ሆኖ ገቢው ብዙ ነው፤ ሲያረጅ ግብሩ በዝቶ ገቢው ይመነምናል። ዝሙል ምርጥ ዘር ብቻውን ምንም አያደርግም፤ የአንደሉስ ሰዎች ትስስራቸው ከጠፋ በኋላም የአያት ስም ብቻ ሥልጣን የሚያመጣ ይመስላቸው እንደነበር ይነቅፋል። ይህንን የጻፈው የኢሽቢሊያ መኳንንት ልጅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ለመምህራን የተወውም ምክር አለ። በተማሪ ላይ መጨከን፣ በተለይ በሕፃን ላይ፣ ልጁን ያጠፋዋል ይላል። በዱላ ያደገ ልጅ ይሰንፋል፤ ዱላውን ሽሽት መዋሸትና ማታለል ይለምዳል፤ ውሎ አድሮም ጠባዩ ይሆናል። በየቁርኣን ቤታችንና በየትምህርት ቤታችን በር ላይ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው እንላለን።

ካይሮና ደማስቆ

በ1382 ለሐጅ ብሎ ከቱኒስ በመርከብ ወጣ፤ ሐጁን ያደረሰው ግን በ1387 ነው። በመካከሉ ካይሮ ይዛው ቀረች። በአል-አዝሀር አስተማረ፤ በ1384 የማሊኪዎች ዋና ቃዲ ሆነ። አማላጅ የማይቀበል፣ ሐሰተኛ ምስክሮችን የሚያሳድድ ቃዲ ስለነበር ጠላቶቹ በዙ። እስኪሞት ድረስ ደጋግሞ ተሽሯል፤ ደጋግሞም ተሹሟል።

በዚያው ዓመት የደረሰበት ሐዘን ግን ከሹመትና ከሽረት በላይ ነበር። የግብጹ ሱልጣን አማልዶለት ከቱኒስ የተለቀቁት ቤተሰቦቹ የተሳፈሩበት መርከብ እስክንድርያ አካባቢ ሰጠመ። ቤተሰብ፣ ንብረትና ልጆች በአንድ ቀን ሄዱ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

በ1401 መጀመሪያ ተይሙር ደማስቆን ሲከብብ ኢብኑ ኸልዱን በከተማይቱ ውስጥ ነበር። ወደ ሰባ የሚጠጋ ሽማግሌ ሆኖ በገመድ ታስሮ ከግንቡ ወረደና ከተይሙር ፊት ቀረበ። ቁርኣን፣ መስገጃና የግብጽ ጣፋጮች ይዞለት ሄደ። ተይሙር ስለ መግሪብ አገሮች እንዲጽፍለት አዘዘው፤ ጻፈለት። በቅሎውንም ወደዳትና ወሰዳት፤ ዋጋዋን በኋላ ላከለት። ያኔ አንድ ንጉሥ በቅሎ ሸልሞት ነበር፤ አሁን ሌላው በቅሎውን ወሰደበት። ከሁለቱም ፊት ግን በሕይወት ተመልሷል። በዚያው በ1401 የኢሽቢሊያ ካቴድራል አስተዳዳሪዎች አሮጌውን የመስጂድ ሕንጻ አፍርሰው አዲስ ሊሠሩ ወሰኑ። አያቶቹ ትተውት የሄዱት ሕንጻ ፍጻሜ የተቆረጠው እሱ በሕይወት እያለ ነው።

በረመዷን 26 ቀን 808 ሂጅሪ፣ ማርች 17 ቀን 1406፣ በካይሮ ወደ አኺራ ሄደ። ከባቡ ነስር ውጪ በሱፊዮች መቃብር ተቀበረ።

ለእኛ የደረሰው

ኢብኑ ኸልዱን በታሪክ መጽሐፉ ስለ ሐበሻና ስለ ኢፋት ሙስሊሞች ጽፏል። ካይሮ ላይ ካስተማራቸው መካከል አንዱ ተቂዩዲን አል-መቅሪዚ ነው። አል-መቅሪዚ በኋላ በሐበሻ ምድር ስለነበሩ የሙስሊም ነገሥታት ራሱን የቻለ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ አል-ኢልማም እየተባለ ይጠራል። ኢፋትን፣ ደዋሮን፣ አረባብኒን፣ ሐዲያን፣ ሸርኻን፣ ባሌንና ዳራን በዝርዝር ያወሳል። የራሳችንን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም ሳያነሱት አያልፉም። ከኢሽቢሊያ ወደ ቱኒስ፣ ከቱኒስ ወደ ካይሮ የተጓዘው ቂርኣት አንዱ ቅርንጫፉ የእኛን አገር ስም ይዟል ማለት ነው።

ኢሽቢሊያ ላይ የነበረው የበኑ ኸልዱን ርስት በማን እጅ እንደሚገኝ ዛሬ የሚጠይቅ የለም። ቤተሰቡ ይዞት የወጣው ዕውቀት ግን ለልጅ፣ ከልጅም ለተማሪ እየተላለፈ ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል። አካባቢውን ለቆ አዲስ ሰፈር የገባ ወላጅ ከዕቃው ጋር ምን ጭኖ እንደመጣ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው። ልጁ የሚቀራበት ሸይኽ ካገኘ፣ ጎረቤቱን ካወቀና በደስታና በሐዘን አብሮ መቆም ከጀመረ፣ ኢብኑ ኸልዱን የከተማ መሠረት ያለውን አንዱን ድንጋይ አስቀምጧል።

አላህ ለኢብኑ ኸልዱን ይዘንለት፤ የዕውቀቱንም ምንዳ ያብዛለት። እኛንም ከቀደሙት ስምን ብቻ ሳይሆን ሥራን ከሚወርሱት ያድርገን። አሚን።